ሲስተር አያምም

አያቴን በሰፈራችን በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ለእኛ ለቤተሰቦቿ «እማማ» ናት፤ ከደጅ ወዲያ ደግሞ «ሲስተር አያምም»። ቅጽል ስሙ የወጣላት ሆስፒታል ውስጥ ነው። ልትወጋ ስትል ቆዳውን በጥጥ እያሸች «አያምም፣ አያምም» የማለት ልማድ ነበራት። አንድ ጊዜ አንድ ግንድ የሚያክል እንጨት ነጋዴ ሱሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ «ለእርስዎማ መቼ ያምማል ሲስተር፣ የሚወጋው እኔ» ብሎ ክፍሉን በሙሉ አሳቀ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ተጣበቀባት።

ነርስነት የጀመረችው ገና ልጃገረድ ሳለች ነው። ያን ጊዜ መርፌ ተወግቶበት የሚጣል ነገር አልነበረም። የመስታወቱን ሲሪንጅ በብረት ድስት ይቀቅሉታል፤ መርፌው ሲዶለዱም በድንጋይ ይስሉታል። ከዚያ ጫፉን ጥጥ ላይ ጎተት ያደርጉታል። ክር ይዞ ከተነሣ ገና ነው፣ ተመልሶ ይሳላል። አያቴ ይህን ስታወራ ጣቶቿ የሌለውን መርፌ ይስሉ ነበር። «ጥጡን ከያዘ የሰውየውንም ሥጋ ይዞ ነው የሚወጣው» ትለኛለች፤ እኔም ሳላስበው እግሬን እሰበስባለሁ።

የሥራ ዕድሜዋን የጨረሰችው ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው። ቀለማቸው የተላላጠ የብረት አልጋዎች ግራና ቀኝ ተደርድረው፣ መሐል ለመሐል እሷ በነጭ ጫማዋ ወዲያና ወዲህ ስትል አይቻታለሁ። ወደ ቤት ስትመለስ እኔን ከማቀፏ በፊት እጇን እስከ ክርኗ ትታጠባለች፤ ስለዚህ የልጅነቴ እቅፍ ሁሉ እርጥብና ቀዝቃዛ፣ ሳሙና ሳሙና የሚል ነው። እናቴ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ስለሆነች ውሎዋ እዚያ ነበር። ያሳደገችኝ አያቴ ናት ብል እናቴም አትቀየመኝም።

ከእሷ ጋር መንገድ መሄድ ቀላል አልነበረም። አንዱ ከአውቶቡስ ወንበሩ ተነሥቶ «ሲስተር፣ አስታወሱኝ?» ይላል። እሷ ግራ ስትጋባ ሸሚዙን ገለጥ አድርጎ የተሰፋበትን ያሳያል። «አሃ፣ ፊትህን ዘንግቼዋለሁ፤ ሆድህን ግን አውቀዋለሁ» ትለዋለች። አውቶቡሱ ይስቃል፣ ሰውየውም ደስ ብሎት ይቀመጣል። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ እኔን ሲያዩ «የሲስተር ልጅ ናት፣ አሳልፏት» ይላሉ። እኔም አልፋለሁ። አንድም ቀን «ግድ የለም፣ ተራዬን እጠብቃለሁ» ብዬ አላውቅም።

ጡረታ ከወጣች በኋላ ሰዉ ቤት ድረስ መምጣት ጀመረ። ሐኪም መርፌ ያዘዘለት ሁሉ ብልቃጡንና ሲሪንጁን በፌስታል ይዞ ደጃችንን ያንኳኳል። የፊተኛው ክፍላችን ውስጥ ከመጋረጃ ጀርባ ረዘም ያለ መቀመጫ ነበረ፤ እዚያ ላይ በሆዱ ይተኛል። አያቴ እጇን ትታጠባለች፣ ጥጡን ስፒሪት ውስጥ ትነክራለች፣ «አያምም፣ አያምም» ትላለች። አለቀ። «የዚህን ሰፈር ሰው ከፊቱ ይልቅ በመቀመጫው ነው የማውቀው» እያለች ታስቀን ነበር።

ዓይኗ መድከም የጀመረው እኔ ፖስታ ቤት ተቀጥሬ መሥራት ከጀመርኩ በኋላ ነው። መጀመሪያ የብልቃጡን ጽሑፍ እኔን ታስነብበኝ ጀመር። «እስቲ አንብቢው፤ ዓይንሽ ሥራ እንዳይፈታ» ትለኛለች። ቀጥሎ ውኃ ስትቀዳ ብርጭቆው ሞልቶ ሲፈስ እናቴ አየች። ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት፤ የዓይን ሞራ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ይነሣል ተባለ። አያቴ ዛሬ ነገ እያለች አቆየችው።

«እስኪነሣልሽ ድረስ እንኳ አትውጊ፣ እማዬ» አለቻት እናቴ።

«እኔ የምወጋው በዓይኔ ነው እንዴ? በእጄ ነው እንጂ።»

ሳቅን፤ እናቴም ሳቀች። እውነቱን ለመናገር ደጃችን ላይ ሰው ባይቆም ኖሮ እኛም ደስ አይለንም ነበር። ሰፈሩ የሚያከብረን በእሷ እጅ ነው።

ከእኛ ቤት ፊት ለፊት አንዲት ልብስ ሰፊ ትኖር ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ረጋ ያለች፣ ወደ አርባው የምትጠጋ ሴት ናት። የምትሠራው በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና ነው፤ ጠዋት ጠዋት የምነቃው በመኪናዋ ድምፅ ነበር። የሰፈሩን ተማሪ ሁሉ ዩኒፎርም የምትሰፋው እሷ ናት። ደረቷን አሟት ከርሞ ሐኪም መርፌ አዘዘላት። እንደ ሁሉም ሰው ወደ አያቴ መጣች። የመጀመሪያዎቹን በሰላም ተወጋች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እኔ መስኮቱ አጠገብ ልብስ እየተኮስኩ፣ መጣችና ሙሉ በሙሉ ካልተሳበው መጋረጃ ጀርባ ተኛች። ሲያስላት ትንሽ ወደ ጎን ዘንበል ብላ ነበር መሰለኝ። አያቴ በአውራ ጣቷ ዳበሰችና ቦታውን ያዘች። መርፌው እንደገባ ልብስ ሰፊዋ ጮኸች።

«ሲስተር፣ እግሬን ኤሌክትሪክ ያዘኝ። ተረከዜ ድረስ።»

አያቴ ለስንቱ ተማሪ ነርስ ስታስተምር የኖረችው አንድ ነገር ነበር። በሽተኛው እግሬ ድረስ ነዘረኝ ካለ መርፌው ነርቭ አግኝቷል ማለት ነው፤ ያኔ ንቀሉ፣ አትከራከሩት። የዚያን ዕለት ግን «አያምም፣ አያምም፣ አለቀ» አለችና የቀረውን ገፋችው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «አፌ ቀደመኝ፤ እጄ አፌን ተከተለ» አለችኝ። ሌላ ምክንያት አልሰጠችኝም።

ልብስ ሰፊዋ ስትነሣ ቀኝ እግሯ አልታዘዝ አላት። አያቴ አስቀመጠቻትና ጫማዋን አወለቀችላት። «ጣቶችሽን ወደ ላይ አንሺያቸው እስቲ።» ጣቶቿ አልተነሡም። አያቴ ጎንበስ እንዳለች ቆየች። እኔ ካውያውን እንደያዝኩ አያቸው ነበር፤ የአያቴ አንገት ከታች ጀምሮ ሲቀላ አየሁ።

«ይለቅሻል» አለች በመጨረሻ። «ሂጂና አርፈሽ ተኚ።»

ደግፌ አሻገርኳት። እግሯን መሬት ላይ እየጎተተች «ሲስተርን አስደነገጥኳቸው መሰለኝ፣ ይቅርታ በዪልኝ» አለችኝ።

እግሩ አልለቀቃትም። ስትራመድ ደረጃ እንደምትወጣ ሰው ጉልበቷን ከፍ ታደርግና እግሯ ጠፍ ብሎ ይወርዳል። የመኪናው ድምፅ ጠፋ፤ ሲሰማም ትንሽ ይሄድና ይቆማል። ሰፈሩ ብርድ ነው አለ። ሌላው ያ ደረቷ ላይ የነበረው በሽታ ወደ እግሯ ወርዶ ነው አለ። እሷም አመነች፤ «ሲስተር ቀድመው ባይወጉኝ ኖሮ ጭራሽ አልጋ ላይ እቀር ነበር» እያለች ታወራ ነበር።

አያቴ ጓዳ ገባች። ለሚያንኳኳ ሁሉ አሟታል እንድንል አዘዘችን። ለእኛ ግን በዚያው ሳምንት፣ እናቴና የከባድ መኪና ሾፌሩ አጎቴ ባሉበት፣ ነገሩን እንደሆነው ነገረችን።

አጎቴን የጨነቀው ለእሷ ነው። «ሰዉ ሁሉ ብርድ መታት እያለ አንቺ ምን አስጨነቀሽ? ራሷ እንኳ አልጠረጠረች።»

«እሱ አይደል የሚያስጨንቀኝ» አለች አያቴ።

«እማዬ፣ ስንት ዓመት ያፈራሽው ስም ነው» አለች እናቴ። «ደግሞ ብትነግሪያት እግሯ ይመለሳል?»

አያቴ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። የማየትና የመስማት ምስክሯ እኔ ነበርኩ። እኔም የጠረጴዛ ልብሱን ጫፍ አጣጠፍኩ፣ ዘረጋሁ፣ አጣጠፍኩ። ያም ለእሷ መልስ ሆናት። እንዲህ ሆነን ሳምንታት አለፉ። ልብስ ሰፊዋን ላለማየት በላይኛው መንገድ ዞሬ ወደ ሥራ መሄድ ጀመርኩ፤ እናቴም እንደዚያው ታደርግ እንደነበር ያወቅኩት አንድ ቀን እዚያው መንገድ ላይ ፊት ለፊት ስንገናኝ ነው።

አንድ ቀን በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን ይዛ ቆማለች። መንገዱን ተሻግራ ሦስቱን ደረጃችንን በመውጣቷ ፊቷን ላብ አጥምቆታል።

«ሲስተር ታመዋል ሲሉ ሰምቼ ነው። እኔ ስታመም እሳቸው እንዲህ ቀርተው አያውቁም።» በክንዷ ላይ የታጠፈ የቤት ቀሚስ ይዛለች፤ ለስላሳ፣ ሰማያዊ፣ ኪሱ ሰፋ ያለ። «እግሬ እንደ ልቤ ስላልሆነ ስፌቱ ትንሽ ተጣሟል። አይታዘቡኝ በያቸው።»

አያቴ ከጓዳ ሰምታ ነበር። ቀሚሱን ሳመጣላት አልነካችውም። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩት፤ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ስፌቱ በእውነት ተጣሞ ነበር፤ ወገቡ ላይ ክሩ ቆም እያለ፣ እየተዘለለ ሄዷል። የማያየው የአያቴ ዓይን ያንን አየ። ከዚያ ተነሥታ ፊቷን ታጠበችና ነጠላ ጫማዋን አደረገች።

«የት ነው?» አልኳት።

«ነይ፣ መንገዱን አሻግሪኝ።»

የልብስ ሰፊዋ ክፍል ጠባብ ናት። ያልተጨረሱ ዩኒፎርሞች በሽቦ ላይ ተሰቅለዋል፣ ወለሉ ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ ሞልቷል። እሷ ደነገጠችና ወንበር ልትስብ ስትል አያቴ «አልቀመጥም» አለቻት። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ።

«እግርሽን ብርድ አልመታውም፣ ልጄ። እኔ ነኝ። መርፌው ነርቭሽን ነክቶታል።»

ሴትዮዋ መጀመሪያ ያልገባት መሰለች። ቀጥሎ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«እንደያዘኝ ነግሬዎት ነበር እኮ።»

«ነግረሽኛል።»

«አያምም አሉኝ።»

«ብያለሁ።»

«መቼ ነው ያወቁት?»

አያቴ መልሱን ለማለሳለስ አልሞከረችም። «ጫማሽን ያወለቅኩልሽ ጊዜ።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ…» አለችና አቆመች። እኔንም አየችኝ። «አንቺም ታውቂ ነበር?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። መሬቱ ቢከፈት ደስ ባለኝ።

«ውጡልኝ» አለች፤ ድምፅዋን ሳታነሣ። ወጣን።

በማግስቱ አያቴ እኔን ይዛ ተመልሳ ሄደች። ታክሲ አስቁማ በሩ ላይ ጠበቀቻት። ልብስ ሰፊዋ ብዙ ቆይታ ወጣችና ያለ ሰላምታ ከኋላ ገባች። ሆስፒታሉ ስንደርስ ዘበኛው ከወንበሩ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጣት። ካርድ ክፍል ያሉት በመስኮቱ ብቅ ብለው «ሲስተር አያምም መጡ» ተባባሉ። ሰልፉን አሳልፈው ቀጥታ ወደ ሐኪሙ ሊያስገቡን ሲሉ አያቴ «ተራ እንይዛለን» አለች፤ የሰማት የለም። በሰዉ ፊት በክብር አለፍን።

ሐኪሙ ተማሪ ሳለ ቁስል መስፋት ያስተማረችው ልጅ ነው። ወንበሩን ለአያቴ ለቀቀላትና ቆሞ መረመረ። እግሩን በመዶሻ መታ፣ በእርሳስ ጫረው። ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ።

«ማነው የወጋሽ? በየሰፈሩ እየዞሩ ሰው የሚያሽመደምዱት እኮ እነዚህ ናቸው። ሲስተር፣ እርስዎ እንኳ ጎረቤት ሆነው ምነው ሳይነግሯት ቀሩ።»

ልብስ ሰፊዋ ጣቶቿን ትመለከት ነበር። እኔ በሩን አየሁ። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ተማሪ ነርሶች ቆመዋል።

«እኔ ነኝ የወጋኋት» አለች አያቴ።

ሐኪሙ ፈገግ አለ፤ የምትቀልድ መስሎት። ቀጥሎ ፈገግታው የሚሄድበት ጠፍቶት ፊቱ ላይ ቀረ። «ይሄ… ማንንም ቢሆን ያጋጥማል፣ ሲስተር። ነርቩ አንዳንድ ሰው ላይ ቦታውን ይለቃል…»

«ቅድም ስትናገር የነበረውን ጨርሰው። ለሌላ ሰው የምትለውን ለእኔም በለኝ።»

አልጨረሰውም። ወደ ካርዱ ጎንበስ አለና፣ ነርቭ ቀስ ብሎ ሊያገግም እንደሚችል፣ እግሩ እንዳይጠምም በድጋፍ መታሰር እንዳለበት፣ በየቀኑም መንቀሳቀስ እንደሚያስፈልገው ነገረን። «በመጀመሪያው ሳምንት ብትመጣ ኖሮ ግን…» ብሎ ያንንም በእንጥልጥል ተወው። አያቴ ስትነሣ ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ። ያነሣችላት ልብስ ሰፊዋ ነበረች፤ አንሥታም ፊቷን ሳታይ አስያዘቻት።

ከዚያ ቀን በኋላ አያቴ በየጠዋቱ መንገዱን ትሻገር ነበር። ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የሴትዮዋን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ ጣቶቹን ታነሣለች፣ ታወርዳለች፣ ቁርጭምጭሚቱን ታዞራለች። ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቁልፍ በእጇ ትሰፋለች።

ቤት ደግሞ ሌላ ጉድ ተጀመረ። ፌስታል ይዞ የሚያንኳኳውን ሰው አያቴ ራሷ ወጥታ ታነጋግረዋለች። «ከእንግዲህ አልወጋም። ሰው አንካሳ አድርጌያለሁ» ትለዋለች። ሰውየው ከፌስታሉ ጋር ደርቆ ይቆማል። እናቴ ከኋላ «እማዬ፣ አልወጋም ማለት ብቻ አይበቃም?» ብላ ታለቅሳለች። «ለምን አልወጋም ብለው ሲጠይቁኝስ?» ትላታለች አያቴ። አጎቴ ለጊዜው ከቤታችን እግሩን ሰበሰበ። ሆስፒታሉ በጡረታዋ ቀን የሰጣትን፣ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ አያቴ አውርዳ ቁም ሣጥን ጀርባ ከተተችው፤ እናቴ መልሳ ሰቀለችው፤ አያቴ እንደገና አወረደችው። ዳቦ ቤት አሁንም «የሲስተር ልጅ ናት» የሚል አይጠፋም ነበር። ከዚያ ወዲያ ያለው ሹክሹክታ ግን ጆሮዬን ያቃጥለዋል። ዳቦ የምገዛው ተራ ሲደርሰኝ ሳይሆን ሰው ሲጎድል ሆነ።

የሚገርመኝ አሁንም ይኸው ነው። ከመርፌው ይልቅ እኛን ያሳፈረን እሷ እውነቱን መናገሯ ነበር። ይህ የገባኝ ደግሞ ዘግይቶ ነው፤ ሲገባኝ ሌላ ሐፍረት ጨመረልኝ።

ዓይኗን ግን በዚያው ሰሞን፣ ማንም ሳይለምናት፣ ቀዶ ሕክምና አስደረገች። ፋሻው ተነሥቶላት ቤት ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ያንን ሰማያዊ ቀሚስ ነው። አንሥታ ስፌቱን በጣቷ ተከተለችው። አልለበሰችውም፣ ለሰውም አልሰጠችውም።

የልብስ ሰፊዋ እግር በዓመቱ ትንሽ በትንሹ መለስ አለ። ጣቶቿ ይነሣሉ፤ ግን አይቆዩም። ደረጃ ላይ አሁንም ያሰናክላታል። መኪናዋን በግራ እግሯ መርገጥ ለመደች፤ ድምፁ እንደ ቀድሞው አይደለም፣ ትንሽ ይከብዳል። አንድ ጠዋት አያቴን ለማምጣት ስሄድ ሲነጋገሩ ሰማኋቸውና በሩ ላይ ቆምኩ።

«ሲስተር፣ ከዚህ በላይ አይመለስም። ለምን ይደክማሉ?»

«ከመጣሁ ይሻለኛል።»

«ለራስዎ ነዋ የሚመጡት።»

አያቴ እግሩን ማዞሯን አላቆመችም። «አሁን አሁን እንደሱ ሳይሆን አይቀርም።»

ልብስ ሰፊዋ ክሯን በጥርሷ በጠሰች። «ይቅር ብዬዎታለሁ ልበልዎት እንዴ?»

«ከልብሽ ካላልሽው አትበዪኝ።»

«እንግዲያው አልልም» አለች። የያዘችውን ጨርቅ አስቀምጣ ደግሞ «እጅዎ ቀዝቅዟል፤ ሻይ ላፍላልዎት» አለችና እግሯን ከአያቴ ጭን ላይ አንሥታ እየጎተተች ወደ ምድጃው ሄደች።

አያቴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። ልቧ ደከመ። ሊጠይቋት የሚመጡ የድሮ ሕመምተኞቿ አልጋዋን ከበው «የእጅዎ ነገር» ብለው ሲጀምሩ ፊቷን ወደ ትራሱ ታዞራለች፤ ሰዎቹ የደከማት መስሏቸው ቀስ ብለው ይወጣሉ። መርፌ ታዝዞላት አንዲት ወጣት ነርስ ቤት ድረስ እየመጣች ትወጋት ነበር። ልጅቷ ከመውጋቷ በፊት አያቴ እጇን ይዛ «ነዘረኝ ካልኩሽ ንቀይው፤ ማንም ብሆን ስሚኝ» አለቻት። ልጅቷ አዛውንቷ የፈራች መስሏት «አይዞዎት፣ ምንም አያምም» አለቻት። አያቴ ዓይኗን ጨፈነች።

ልብስ ሰፊዋ ለቀብሩ መጣች። ከሴቶቹ ራቅ ብላ ቆመች፤ ማልቀሷንም አለማልቀሷንም አላየሁም።

ባለፈው ወር ጉርድ ቀሚስ ላስጠብብ እሷ ዘንድ ገባሁ። አሁን የላይኛውን መንገድ አልዞርም፤ ቢሆንም ከዚያ በር ስገባ ድምፄ ይቀንሳል። ሰፈሩ ውስጥ አዲስ የሆነች አንዲት እናት የልጇን ዩኒፎርም ልትወስድ መጥታ፣ ልብስ ሰፊዋ ከመደርደሪያው ወዲያ እግሯን እየጎተተች ስትመጣ አየቻትና «ውይ፣ እግርሽን ምን ነካው?» አለቻት።

እሷ ወደ እኔ አላየችም። «ከደረጃ ወድቄ ነው» አለች።

ፊቴ ጋለ። እውነቱን ልናገር ከንፈሬን ላላቅቅ ስል ልብስ ሰፊዋ በርከክ ብላ ሜትሯን ወገቤ ላይ አዞረችው፤ በከንፈሮቿ መሐል መርፌ ቁልፎች ይዛለች።

«ቀጥ ብለሽ ቁሚ» አለችኝ በተዘጋ አፏ። «ስትንቀሳቀሺ ልኩ ይዛባብኛል።»

ሴትዮዋ ዩኒፎርሙን ይዛ ወጣች። እኔ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።